በወይራ የታጠነው ስቱዲዮ

ቤቱ ውስጥ ዘፈን ሊቀዳ ያሰበ ሰው ካለ፣ ካሴቱን ከመግዛቱ በፊት መጥቶ እኔን ይጠይቀኝ። ምን ምን እንደሚያስፈልግ አልነግረውም። እሱንማ ዛሬ የልጅ ልጆቼም ያውቁታል፤ ስልካቸውን ወደ አፋቸው ጠጋ ያደርጉና "ተቀዳ እኮ!" ይሉኛል። እኔ የምነግረው ምን ምን እንደማያስፈልግ ነው። ይህን ጎንደር ውስጥ ከእኔ አብልጦ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ካለም አፍሮ ዝም ብሏል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን ነው። ቤታችን ከፒያሳ ቁልቁል በምትወርደው ጠባብ መንገድ ዳር ነበረች፤ ሁለት ክፍልና አንዲት ጓዳ። ባለቤቴ አያ ፈንታ ልብስ ሰፊ ነው። ከእሱ ይልቅ የስፌት መኪናው ታወራ ነበር። አንድ ነገር ስጠይቀው መጀመሪያ መኪናዋን ጠርር ያደርጋታል፣ ቀና ብሎ ያየኛል፣ እንደገና ጠርር ያደርጋታል። ከዚያች ጠርርታ ውስጥ እሺውን ከእምቢው ለይቼ እስካውቅ ድረስ ትልልቆቹ ልጆቻችን አድገው፣ አግብተው ወጡ። ቤት የቀረችው የመጨረሻዋ፣ ትርንጎ ብቻ ናት።

ትርንጎ ድምፅ ነበራት። እናት ናት ብላችሁ አታምኑኝም፤ አትመኑኝ። ግን ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ድምፅዋ ከእኔ ቀድሞ ጓሮ ወርዶ ይጠብቀኝ ነበር። ልብስ ስታጥብ ታዜማለች፣ ሽንኩርት ስትልጥ ታዜማለች፣ ለአባቷ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ እንኳ ክሩን በከንፈሯ ይዛ በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች። እኔ በዚያ ድምፅ ውስጥ እኖር ነበር፤ ሰው በጣሪያ ሥር እንደሚኖር። ጣሪያ መኖሩ መቼ ትዝ ይላል? ሲያፈስ ነው።

አንድ ጠባይ ግን ነበራት። ሰው ካያት አትዘፍንም። ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳ ስታዜም አንዱ ገብቶ "እሰይ የኔ ልጅ!" ካለ፣ ድምፁ እንደ ኤሊ አንገት ሹልክ ብሎ ይገባል። ከዚያ በልመናም በቁጣም አይወጣም።

በዚያ ዓመት ጥምቀት እንዳለፈ፣ በየአውራጃው እየዞረ የሚያሳየው የኪነት ቡድን አንዲት ሴት ዘፋኝ ይፈልጋል ተባለ። ትርንጎ ለማናችንም ሳትነግር ብቻዋን ሄደች። መድረኩ ላይ ወጣች፤ መራጮቹ ከጠረጴዛቸው ቀና ብለው አዩዋት፤ አፏን ከፈተች፤ ምንም። እንደገና ከፈተች፤ አሁንም ምንም። "ይቅርታ አድርጉልኝ" አለችና ወርዳ ወደ ቤቷ መጣች።

ከዚያ ቀን ወዲያ ቤት ውስጥም መዝፈን ተወች።

ዝምታ ይህን ያህል ቦታ እንደሚይዝ አላውቅም ነበር። ልብስ ስታጥብ ውሃው ብቻ ይሰማል። ሽንኩርት ስትልጥ ቢላዋው ብቻ። እኔም ከጓሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ጓሮ እየተመላለስኩ አንድ ነገር እንደጠፋበት ሰው ዙሪያዬን አያለሁ።

"እማ፣ ምን ጠፋሽ?" ትለኛለች።

"መርፌ" እላታለሁ። በልብስ ሰፊ ቤት መርፌ መጥፋቱ አይቀርምና ታምነኛለች። አብራኝ ጎንበስ ብላ ትፈልጋለች። ሁለታችንም ዝም ብለን ያልጠፋ መርፌ ስንፈልግ አያ ፈንታ ከመኪናው ላይ ሆኖ ያየናል።

ለካ እሱም ሲያብሰለስል ነበር። የኪነቱን ልብስ የሚሰፋው እሱ ነውና፣ ኃላፊው ሰውዬ ሊለካ ሲመጣ አያ ፈንታ በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። ተናገረ። "ልጄ ድምፅ አላት" አለው፣ ሜትሩን በሰውዬው አንገት ላይ እንደጠመጠመ።

"ድምፅ ካላት ምነው ያን ዕለት ደበቀችው?"

"ሰው ሲያያት ነው።"

ኃላፊው ደግ ሰው ነበር፤ ወይም ሜትሩ አንገቱ ላይ ስለነበረ ይሆናል። "እንግዲያው ሰው በማያያት ቦታ በካሴት ቀድታችሁ አምጡልኝ" አለ። "ግን እስከ ቅዳሜ ቀትር ነው። ከቀትር ወዲያ ሌላዋን ልጅ እንቀጥራለን።"

ለትርንጎ ስነግራት "እማ፣ ተይኝ" አለች። ትንሽ ቆየችና ደግሞ "ማንም አያየኝም?" አለች።

"ማንም። እኔም ዓይኔን እጨፍናለሁ።"

ሳቅ ስትል አየኋት። በዚያች ሳቅ የተነሳ ነው እንግዲህ ቤቴን ያፈረስኩት።

ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ጌጡ የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ቴፕ አለው። አዲስ አበባም ሄዶ አንድ ጊዜ የስቱዲዮ በር ላይ ቆሟል። ውስጥ አልገባም፤ ስለ ውስጡ ሲያወራ ግን እዚያው ተወልዶ ያደገ ይመስላል። ጉዳያችንን ስነግረው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጓዳችንን ዞሮ ጎበኘ።

"እትዬ፣ ስቱዲዮ ማለት ምን መሰለዎት?" አለኝ። "ድምፅ የማይገባበት፣ ድምፅ የማይወጣበት ክፍል ነው።"

"እንዲህ ያለውማ መቃብር ነው።"

"ልክ ነዎት! መቃብር ማለት ነው። ዘፈን ያለበት መቃብር።"

አዲስ አበባ ግድግዳው በልዩ ነገር ይለበጣል አለ። እኛ ያለን ቁርጥራጭ ነው። የልብስ ሰፊ ቤት ገንዘብ ባይኖረው ቁርጥራጭ አያጣም። በየጆንያው የካኪ ቁራጭ፣ የቴትሮን ቁራጭ፣ የአቡጀዲ ቁራጭ ጠቅጥቀን ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ጆንያ በጆንያ አደረግነው። ጌጡ ግድግዳውን በጣቱ ቆርቆር ያደርግና "ገና ነው" ይላል። ፍራሻችን ገባ። ብርድ ልብሶቹ ተከተሉ። የፍየል ቆዳው ጣሪያ ላይ ተቸነከረ። የአያ ፈንታ ካፖርት እጅጌው ተጠቅልሎ መስኮቱን ደፈነ። የቤታችን ምቾት በሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እኛ ባዶ መሬት ላይ ቀረን።

ጎረቤታችን እማማ ጥሩወርቅ ፍራሹ ወደ ጓዳ ሲገባ በአጥሩ በኩል አዩ። ከእሳቸው ዓይን የሚያልፍ ነገር የለም።

"የትርንጎ እናት! ምነው፣ ምጥ ነው እንዴ? ማን ሊወልድ ነው?"

"ዘፈን ሊወለድ ነው፣ እማማ።"

"አባቱ ማን ነው?" ብለው ሳቁና ገቡ።

ስቱዲዮው አለቀ ሲባል የመጀመሪያዋ ተናጋሪ እኔ ሆንኩ። ጌጡ ቁልፉን ተጭኖ "ይናገሩ" አለኝ። ምን እንደምናገር ጨነቀኝና "እንደምን ዋላችሁ፣ እኛ ደህና ነን" አልኩ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። የካሴቱን ክር መልሶ ሲያሰማኝ ብርድ ልብስ ተከናንባ የምታቃስት በሽተኛ ሰማሁ።

"ማን ናት ይህች?"

"እርስዎ ነዎት።"

"እንዲህ ታምሜ ምነው ሳትነግሩኝ?"

ጌጡ ራሱን ነቀነቀ። "ድምፁ ደረቀ። ኢኮ ያስፈልገዋል።"

"ኢኮ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ድምፁ ሄዶ ሲመለስ ነው። አዲስ አበባ ለእሱ ብቻ መሣሪያ አላቸው።"

"አንተ ጌጡ፣ ያን ሁሉ ጆንያ የሰቀልነው ድምፅ ሄዶ እንዳይመለስ አይደለም እንዴ?"

"ነው፤ ግን በልኩ ይመለስ ነው የምልዎት።"

አያ ፈንታ ከወዲያኛው ክፍል መኪናውን ጠርር አደረጋት። ትርጉሙን ለእናንተ መናገር አያስፈልግም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ደጅ ተቀምጬ ድምፅ ሄዶ በልኩ የሚመለስበትን ቦታ ሳስብ ሐሳቤ ይዞኝ ጠፋ። ልጅ ሆኜ እናቴ ጋን አጥባ ጓሮ ስትደፋው ከሥሩ እየገባሁ ስሜን እጠራ ነበር። እኔ በቀጭን የሕፃን ድምፅ እጠራለሁ፤ ጋኑ ስሜን አሳድጎ ይመልስልኛል። የትልቅ ሴት ስም ይሆናል። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ ሸክላው የዝናብ ሽታ አለው፤ ገና የማላውቃት አንዲት ትልቅ ሴት ከሩቅ በስሜ የምትጠራኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ አሁን እዚህ ደጅ ላይ የተቀመጥኩት እሷ ነኝ። ይህን እያሰብኩ ጀምበር አዘቀዘቀችብኝ። ከዚያ ብድግ ብዬ "ጋን!" አልኩ። ጌጡ "ምን?" አለ። "ኢኮህ ጋን ነው" አልኩት።

በማግስቱ ሸክላ ወደሚሠራበት ወደ ወለቃ ወጣሁ። መንገዱ ዳገትና ቁልቁል ነው፤ ጉሙ ገና ከሸለቆው አልተነሳም፤ ዛፎቹ እግር የሌላቸው ይመስላሉ። እንዲህ ባለ ጠዋት ስሄድ ወዴት እንደምሄድ እረሳለሁ። ያን ቀንም የረሳሁትን ሳላስታውስ ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር አልፌ ሄጄ ነበር፤ አህያ የሚነዳ ሰው "እናቴ፣ ወዴት ነዎት?" ሲለኝ ነው የተመለስኩት።

ሸክላ ሠሪዋ ሥራዋን መንገድ ዳር ደርድራለች። እኔም ጎንበስ እያልኩ በእያንዳንዱ ጋን አፍ "ትርንጎ!" እያልኩ መጣራት ጀመርኩ። አንዱ እንደ ተቆጣች አማት መለሰልኝ። አንዱ እንደ ቄስ። አንዱ ገና ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው አጉረመረመ። ሴትዮዋ ጭቃ የነካ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

"እትዬ፣ ልጅዎ ከኔ ጋን ውስጥ ነው እንዴ የጠፋችው?"

"ቤት ውስጥ ነው የጠፋችብኝ" አልኳት። ነገሩን አጫወትኳት፤ ጎን ለጎን ተቀምጠን ብዙ አወራን። መጨረሻ ላይ ከጀርባ አንድ ጋን አንከባልላ አመጣች። ከንፈሩ ተሸርፏል፤ ጠላ የሚጠምቅ ሰው ሁሉ እያየ ትቶት ያልፋል። "ትርንጎ!" አልኩበት። ስሟ ከሥሩ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ዞረ፣ ረዝሞ ወጣ።

"ይኸው ነው" አልኳት።

"በሉ ይውሰዱት። ግን ዘፈን ሲጠምቁበት እስከ አፉ አይሙሉት፣ ይገነፍላል" አለችኝ። ከቁርጥራጭ የተሰፋች የሕፃን ቀሚስ ይዤ ነበርና እሷን ሰጥቻት፣ ያ አህያ ነጂ ጭኖልኝ ተመለስኩ።

ጋኑ ሰፈር ሲገባ ጓድ አዳነ አየው። ጓድ አዳነ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ነው። ጠመንጃውን ሲያንጠለጥል ቁመቱ ይጨምራል። ፍራሽ ወደ ጓዳ መግባቱን፣ መስኮት በካፖርት መደፈኑን ሰምቷል፤ ጋን ሲጨመርበት አልቻለም። ጋኑን ጓዳ አስገብተን እንዳቆምነው መጣብን።

"ጓድ እናት፣ መስኮት በካፖርት የሚደፈነው ለምንድን ነው?"

"ለዘፈን ነው።"

"የምን ዘፈን? ከየት የሚመጣ ዘፈን? እንዳይሰማ ተሸፍኖ የሚሰማ ሬዲዮ እንዳለ እናውቃለን።"

በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ጨዋታ አልነበረም። የተከለከለ ሬዲዮ ሰማ ተብሎ ወጥቶ የቀረ ሰው አለ። የስፌት መኪናዋ ቆመች። ጓድ አዳነ ጓዳ ገባና ጆንያዎቹን እየዳበሰ፣ እያሸተተ፣ ጋኑ ዘንድ ደረሰ። ጋኑን ጌጡ ከጥጉ ላይ እስከ ሆዱ በጆንያ ደግፎ አቁሞታል፤ በጣት እንኳ እንዳይነካ ብሎናል።

"ይህስ?"

"ኢኮ ነው፣ ጓድ" አለ ጌጡ።

"ኢኮ? የምን ፓርቲ ነው?"

"ፓርቲ አይደለም ጓድ፤ ጋን ነው። ይናገሩበትና ይዩት።"

ጓድ አዳነ ተጠራጠረ። ጠመንጃውን አስተካከለ፣ ጎንበስ አለ፣ "ጓዶች!" አለ።

ጋኑ "ጓዶ... ዶ... ዶች..." አለው። ትልቅ ሰልፍ ፊት የሚናገር ባለሥልጣን ድምፅ ነው የተመለሰለት። ጓድ አዳነ ወደ ኋላ ብሎ ቆቡን አቃና። ዞር ብሎ አየን። እንደገና ጎንበስ አለና አሁን ዝግ ብሎ፣ "ጓዶች ሆይ" አለ። ጋኑም አከበረው።

"እኔ እንዲህ ነው እንዴ የምናገረው?"

"ሁልጊዜ" አለ ጌጡ።

ከዚያ በኋላ ከቤታችን አልወጣም አለ። ስለ ምርት አንድ ንግግር፣ ስለ ጽዳት አንድ ንግግር፣ በመጨረሻም ስለ እናቱ አንድ የማይሰማ ነገር ለጋኑ ተናግሮ ዓይኑን እየጠራረገ ቀና አለ። "ነገ ጠዋት እናንተ ስትቀዱ በዚህ መንገድ ትንፍሽ የሚል የለም" አለን። ቃሉን ጠበቀ። ቅዳሜ ጠዋት እንጨት መፍለጥ ተከለከለ። አህያ በታችኛው መንገድ እንዲያልፍ ታዘዘ። የእማማ ጥሩወርቅ አውራ ዶሮ ቅርጫት ተደፋበት። ሰፈሩ በረዶ የወረደበት ይመስል ጭጭ አለ።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ይህን ይመስል ነበር። ጌጡ የቴፑን የባትሪ ድንጋዮች ከጓሮው ካብ ላይ ደርድሮ ፀሐይ ያሞቃቸዋል፤ ነፍስ ይዘራሉ ብሎ። ትርንጎ አጠገቡ ቁጭ ብላ ጥፍሯን ትነክሳለች። አያ ፈንታ ለልጁ አንዲት ቀሚስ ይጨርሳል። እኔ ሥራ አጣሁ። ሥራ ያጣ እጅ ደግሞ አይታመንም። ጓዳ ገባሁ፤ ጋኑን አየሁት።

አልታጠነም።

የኛ አገር ሴት ይህን ትረዳኛለች። አዲስ ጋን ታጥቦ፣ በወይራ ጭስ ታጥኖ ነው ሥራ የሚጀምር። ያልታጠነ ጋን ውስጥ አንድ ነገር ማስገባት እናቴም አላስተማረችኝ፣ እኔም ለልጆቼ አላስተማርኩ። ዘፈን ቢሆንስ? የልጄ ድምፅ ጥሬ ሸክላ ውስጥ ይግባ? ደግሞ ሳስበው ለጠላ ያን ሽታ የሚሰጥ ጭስ፣ ለዘፈን ምን ያህል ሸጋ ነገር ይጨምርለት ይሆን? እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ወይራውን ሰንጥቆ፣ ለኩሶ፣ ጭሱ ሲወፍር ወደ ጋኑ ውስጥ ጣለው። ጭሱ እንዳይባክን አፉን በጨርቅ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት።

ወዲያው ጌጡ "ጀመርን! ጀመርን!" እያለ ቴፑን ታቅፎ ገባ። ትርንጎ ገባች። አያ ፈንታ ገባ። በሩ ተዘጋ፤ በሩ ላይ ጆንያዎቹ ተቆለሉ። "ጌጡ፣ አንድ ነገር" ልለው ስል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አፈጠጠብኝ። "ከአሁን ወዲያ ትንፍሽ የሚል የለም! እርስዎም ቢሆኑ!" አለ። ስቱዲዮ ነው፤ ዝም አልኩ። ቃል በገባሁትም መሠረት ዓይኔን ጨፈንኩ፤ በሽፋሽፍቴ ሥር ግን አያለሁ።

ቁልፉ ጠቅ አለ። ትርንጎ ፊቷን ወደ ጥጉ አዞረች። ጨርቁን ፈታች። ወደ ጋኑ ጎንበስ ብላ፣ ያን ሁሉ ዝምታዋን ልትጨርስበት ረዥም ትንፋሽ ሳበች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ የለም፣ የሚታይ ነገር አልነበረምና። ትርንጎ ሳለች። ጌጡ ሳለ። እኔ ሳልኩ። ጭሱ መውጫ የለውም፤ ድምፅ እንኳ እንዳይወጣ ተደርጎ የተሠራ ክፍል ነው። አያ ፈንታ "በሩ!" አለ፤ ከዚያ ደግሞ "ጆንያው!" አለ፤ እንዲህ አከታትሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ጆንያ ሲሳብ ይፈነዳል፣ ቁርጥራጭ ይወርዳል፣ የፍየል ቆዳው ከጣሪያ ላይ ወርዶ የጌጡ ራስ ላይ ተቀመጠ። እየተደናበርን ወደ ጓሮ ስንወጣ ጭሱ ተከትሎን ወጣ።

ጓድ አዳነ ከመንገዱ ሆኖ ጭሱን አየና "እሳት!" ብሎ ጮኸ። ያን ሁሉ ዝምታ ያሰፈነው ራሱ ነውና ሰፈሩ በሙሉ፣ እስከ ማዶ ድረስ፣ ጥርት አድርጎ ሰማው። ሰዉ ሁሉ ባልዲውን፣ ጀሪካኑን፣ እንስራውን ይዞ አጥራችንን ሞልቶ ገባ። ጌጡ ማንንም አላየም። ካቡ ሥር ቁጭ ብሎ ክሩን መለሰና ከፈተው። የአራታችን ሳል ከቴፑ ወጣ፤ ረዥም፣ የሚዞር፣ የሚያስገመግም ሳል። "ኢኮው ሠርቷል" አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ይህን ብሎ ሳይጨርስ አንዱ ደግ ሰው ልብሱ የሚጤስ መስሎት ከኋላው አንድ ባልዲ ውሃ ደፋበት። ቴፑ ጭል አለና ዝም አለ።

ፀሐይዋ መሐል አናት ልትደርስ ትንሽ ነው የቀራት። ቴፕ የለም፣ ካሴት የለም። ከጓዳ የሚወጣው ጭስ ብቻ አላቋረጠም።

ትርንጎን ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ዓይኗን በውሃ ልጠርግላት ሞከርኩ። ሊገለጥ አልቻለም፤ እንባዋ ብቻ ይወርዳል።

"እማ፣ አለቀ በቃ?"

"አለቀ የኔ ልጅ።"

"የጮኹት ሰዎች ሄዱ?"

ቀና አልኩ። ሰፈሩ በሙሉ ዕቃውን እንደተሸከመ ከበን ቆሟል። ሁሉም እኔን ያያል።

"ሄደዋል" አልኩ።

አንድ ሰው እንኳ አልተነፈሰም። ባልዲውን ሊያስቀምጥ የነበረው ሰው ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ጓድ አዳነ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ትርንጎ ዓይኗን እንደጨፈነች ፈገግ አለች። "ሳላችን ግን ሸጋ ነበር" አለች። ጉሮሮዋን ጠረገች። "ድምፄን አቃጥለሽው ይሆን?" አለችና ለመፈተን ያህል እም... እም... አለች። ትንሽ ሻካራ ነው። እንደገና ሞከረችው፤ ጠራ። ከዚያ ያ የጠፋብኝ ነገር፣ መርፌ ነው እያልኩ ስፈልገው የከረምኩት፣ ከማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተነሳ፦

"ከደጋው ላይ ሆኜ ቆላውን ብቃኘው፣
ዓይኔ ቀድሞ ሄደ እግሬን ሳላማክረው።"

የተሸከሙት ሰዎች መሸከማቸውን ረሱ። እኔ አለሁ ወይስ የለሁም፣ እንጃ። ጭሱ በፀሐዩ ውስጥ ሰማያዊ ሆኖ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ድምፅዋ ከእሱ ጋር አብሮ የሚወጣ መሰለኝ፤ እኔንም ትንሽ ከመሬት ከፍ አድርጎኝ ነበር።

መሐል ላይ ዓይኗ ተገለጠ።

አየቻቸው። ዜማው ከአፏ ላይ ተቆረጠ። ድምፁ ገባ አልኩ፣ ይኸው ገባ፣ አሁንስ እስከ ወዲያኛው ገባ።

"ሄደዋል አላልሽም?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ሊሄዱ ነበር" አልኳት።

ያን ጊዜ እማማ ጥሩወርቅ እንስራቸውን በጀርባቸው እንዳዘሉ፣ ወገባቸው ተቆልምሞ፣ "ምነው ዝም አልሽ?" አሏት። "ይህን ውሃ አዝዬ የቆምኩት ላንቺ ስል ነው። ወይ ጨርሺው፣ ወይ አውርጂልኝ!"

ሰዉ ሳቀ። ትርንጎም ሳቀች። ሳቋ ሲያበቃ አልጨፈነችም፣ አልዞረችም። እማማ ጥሩወርቅን ዓይን ዓይናቸውን እያየች ካቆመችበት አነሳችው። ጨረሰችላቸውም።

ከዚያ የሮጥነው ሩጫ! ጓድ አዳነ ከፊት "መንገድ! መንገድ!" እያለ፣ አያ ፈንታ አንድ እጅጌዋ ያልተሰፋላትን ቀሚስ በክንዱ ይዞ፣ ትርንጎ በሩጫ ላይ እየለበሰችው፣ እኔ ከኋላ ነጠላዬን እየጎተትኩ፣ ፒያሳን አቋርጠን የኪነቱ አዳራሽ ደረስን። ኃላፊው በሩ ላይ ሰዓቱን እያየ ነበር። እጁን ዘረጋ። "ካሴቱስ?"

"ካሴት የለም" አለች ትርንጎ። "ራሴ ነኝ።"

አሸተታት መሰለኝ፤ ሁላችንም ወይራ ወይራ እንሸት ነበር። ከበሩ ገለል አለላት። ገባች። እኛን ግን አላስገቡንም፤ ዞረን መስኮቱ ሥር ቆምን። መስኮቱ ከፍ ያለ ነው፤ ምንም አይታይም፤ መስማት ብቻ ነው። ከእሷ በፊት ሌላዋ ልጅ ዘፍና ወረደች። ጥሩ ዘፈነች። የሚያጅባት መሣሪያ አልነበረም፤ ለፈተና ባዶ ድምፅ ነው የሚሰሙት፤ የኪነቱ ማሲንቆ መቺ ጥግ ይዞ ተቀምጧል ብሎ ጓድ አዳነ በበሩ ቀዳዳ አይቶ ነገረን።

ከዚያ ፀጥ አለ። ፀጥታው ቆየ። አያ ፈንታ እጄን ያዘኝ፤ በመንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየን።

"ከደጋው ላይ ሆኜ" አለች ትርንጎ ከውስጥ።

አልተቆረጠም። መስኮቱን አልፎ፣ በላያችን አልፎ፣ ወደ መንገዱ ወጣ። የግጥሙን የመጀመሪያ ቤት ጨረሰች። ትንፋሽ ለመውሰድ አረፍ አለች፤ እኔም አብሬያት ትንፋሼን ያዝኩ።

በዚያች በትንፋሽዋ መሐል፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ማሲንቆው ገባ።